የእኛ ቴአትር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴአትር እወዳለሁ ስትሉ ሰው የሚጠይቃችሁ ነገር ብዙም አይለያይም። “አሁንም ሰው ይገባል እንዴ?” ብሎ ይጀምርና “ለመሆኑ ምን ይጠቅማል?” ላይ ያርፋል። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግመው የሚመጡት ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱን በአጭሩ አልፌዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ወሬው ይዞኝ ሄዷል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ዘመናዊው ቴአትር ከመምጣቱ በፊት ድራማ ነበረን?

መጋረጃና አዳራሽ አልነበረንም። ድራማ ግን ሞልቶ ነበር።

ሠርግን ውሰዱ። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ደጃፍ ላይ ይደርሳል። የሙሽሪት ወገኖች በሩን ይዘጋሉ። “አናስገባም ሠርገኛ!” እያሉ ይዘፍናሉ። ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ይገፋሉ፣ ይቀልዳሉ። በመጨረሻ እንደሚገቡ ሁሉም ያውቃል። ድግሱ ለእነሱ ነው የተደገሰው! ግን ክርክሩ ካልተካሄደ ሠርጉ ሠርግ አይመስልም። ተዋናይ አለ፣ ተመልካች አለ፣ ግጭት አለ፣ መፍትሔ አለ። ከዚህ በላይ ምን ቀረው?

ለቅሶም እንደዚያው ነው። የድሮ አልቃሽ የሟቹን ጀግንነት በግጥም እያወረደች ሕዝቡን ታስነሳ ነበር። ጋሻውና ጦሩ ይወጣል፤ ሰው ደረቱን ይመታል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የአደባባይ ሙግት ነው፤ “በላ ልበልሃ” የሚባለው። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆመው ይሟገታሉ። ተሟጋቹ ልብሱን ያጣፋል። ዘንጉን ወደ ባላጋራው ይቀስራል። ድምፁን ከፍ ያደርግና ድንገት ዝቅ ያደርገዋል። ጥያቄውን በግጥም ይወረውራል፤ መልሱም በግጥም ይመጣል። በበቅሎና በማር ይወራረዳሉ። መንገደኛው ጉዳዩን ትቶ ቆሞ ያያል። ዳኛ ከሌለ ደግሞ ያንኑ መንገደኛ ጎትተው ዳኛ ያደርጉታል። የተረታው ሰው በሕግ ብቻ አይደለም የተረታው፤ በአንደበትም ነው።

የአማርኛ ተውኔት እስከ ዛሬ ረጅም ንግግርና ግጥም የሚወደው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። የእኛ ተመልካች ጥሩ ሲነገር መስማት ይወዳል። ተዋናዩ ምንም ሳይንቀሳቀስ አምስት ደቂቃ ቢናገር፣ ንግግሩ ካማረ፣ አዳራሹ ጭብጨባ በጭብጨባ ይሆናል።

የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የቱ ነው?

“ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ” ነው። የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። መቶ ዓመት አልፎታል።

ደራሲው ሥራ ፈት ቀልደኛ አልነበሩም። ሩሲያ የተማሩ ወታደር ናቸው። በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በመንግሥታት ማኅበርም ለኢትዮጵያ የተሟገቱ ሰው ናቸው። ሕገ መንግሥታችንንና ተውኔታችንን የጀመረልን አንድ እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ተውኔቱ ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች የተወሰደ የእንስሳት ጨዋታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቴራስ በሚባል ሆቴል ታየ። ተመልካቹ ትልልቁ ሰው ነበር። መድረኩ ላይ አውሬዎች ይናገራሉ፤ ወንበር ላይ መኳንንት ተቀምጠዋል። አውሬዎቹ ስለ ጉቦና ስለ ተበላሸ አስተዳደር ሲያወሩ ደግሞ ማን እንደተነካ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ተውኔቱ ታገደ። ቴአትርም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ድምፁ ጠፋ።

እንደገና የተነቃቃው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ ነው። ያኔ ስማቸው የሚነሣው ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ናቸው። ዮፍታሔ ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ነበሩ። ተውኔታቸው ላይ የሰምና ወርቁ ልማድ ገብቶ ቀርቷል። ከእሳቸው በኋላ የመጣውም ደራሲ ቢሆን ከዚህ ልማድ ብዙም አልራቀም።

ሀገር ፍቅር ቴአትር ለምን ተቋቋመ?

ለጦርነት። የፋሺስት ጣሊያን ጦር ድንበር ላይ እየተከማቸ ነበር። በሐምሌ 1927 መኮንን ሀብተ ወልድ የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ዓላማው ሕዝቡን መቀስቀስ ነው። ንግግር ይደረጋል፣ ቀረርቶና ሽለላ ይወርዳል፣ አጫጭር ጨዋታ ይታያል። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ጥቂት በነበረበት ከተማ ወሬውን ሕዝቡ ጆሮ የሚያደርሰው መድረክ ነው።

ጣሊያን ሲገባ ማኅበሩ ተበተነ። ከድል በኋላ እንደገና ቆመ፤ ፒያሳ ላይ ዛሬ የምናውቀው ቤትም ሆነ። ታላቁ ጥላሁን ገሠሠ ገና ልጅ ሳለ ዘፈን የጀመረው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ሀገር ፍቅርን የዘፋኞች ቤት አድርጎ የሚያየው ለዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዘመን ዘፈንና ተውኔት አይለያዩም ነበር። በአንድ ትኬት ሁለቱንም ታያላችሁ። ተመልካቹ በቴአትሩ ቢሰለች እንኳ በዘፈኑ ተደስቶ ይሄዳል።

መኮንን ሀብተ ወልድ ሚኒስትር ሆነው ብዙ ዓመት ከሠሩ በኋላ በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ከተገደሉት ባለሥልጣናት መካከል ናቸው።

ሴቶች መቼ መድረክ ላይ ወጡ?

ዘግይተው። መጀመሪያ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ሻሽ ያስራል፣ ቀሚስ ይለብሳል፣ ድምፁን ያቀጥናል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ቦታው የለቅሶ ቢሆንም ይስቃል። እስቲ አሳዛኝ ተውኔት በዚህ ሁኔታ ጻፉ!

ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና አስናቀች ወርቁ በሩን ከከፈቱት ውስጥ ናቸው። አስናቀችን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በክራሯ ነው፤ ተዋናይት እንደነበረች የማያውቅ ብዙ ነው። መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ያኔ የሚሰጣት ስም ጥሩ አልነበረም። ቤተሰብ ያኮርፋል። ባል አይገኝም ይባላል። ክፉ ስም በር ላይ ይጠብቃታል። ያንን ሁሉ ችለው ነው የቆሙት።

ዛሬ ነገሩ ተቀይሯል። ሴት ተዋናይ ብርቅ አይደለችም። ሴት ጸሐፌ ተውኔት ግን አሁንም ጥቂት ናት። ዓለምፀሐይ ወዳጆና ማዕዛ ወርቁን ጠርተን ሌሎችን ለመጥራት ጊዜ ይወስድብናል። ይሄ ደስ የሚል ነገር አይደለም። በመድረካችን ላይ ያሉት እናቶች፣ ሚስቶችና ፍቅረኞች በአብዛኛው ወንዶች ያሰቧቸው ናቸው ማለት ነው።

ብሔራዊ ቴአትርስ?

ሕንፃው የተጀመረው በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ማርኮኒ የሚባል ሲኒማ ሊሆን። የተጠናቀቀው ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ነው። በ1948 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። ፊት ለፊቱ ያለው የአንበሳ ሐውልትም የዚያው በዓል ነው፤ የቀረጸው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው።

የመክፈቻው ተውኔት “ዳዊትና ኦርዮን” ነበር። ደራሲው ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው፣ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር ተውኔት ይጽፋል፣ ንጉሥ ተቀምጦ ያያል። ታሪኩ ደግሞ የሰው ሚስት ስለተመኘ ንጉሥ መሆኑን አትርሱ። መጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነ ማንም ምንም አላለም።

መንግሥታት ቴአትርን ለምን ይፈሩታል?

መጽሐፍ ብቻህን ታነባለህ። ቴአትር ከሌላ ብዙ መቶ ሰው ጋር ታያለህ። አንድ ቃለ ተውኔት ሲነገር ከጎንህ ያለው ሰው ሲስቅ “አሃ፣ እሱም ገብቶታል” ትላለህ። እንደ አንተ የሚያስብ መኖሩን የምታውቀው በዚያች ሳቅ ነው። ሹም የሚፈራው እሷን ነው።

ስለዚህ ሳንሱር የቴአትራችን ታላቅ ወንድም ሆኖ አብሮ አድጓል። በንጉሡ ዘመን ጽሑፍ እየታየ ይቆረጥ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ሰው ነጻ የወጣ መስሎት ነበር። ተስፋዬ ገሠሠ “ዕቃው” የሚል ተውኔት አቀረበ። ተውኔቱ ታገደ፤ እሱም ታሰረ። አሜሪካ ሄዶ ቴአትር የተማረ፣ በተዋናይነትም በአዘጋጅነትም አንቱ የተባለ ሰው ነው።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ በሦስት መንግሥታት ዘመን ጽፎ ከሦስቱም ጋር ተላትሟል። ከአብዮቱ ማግስት “ሀሁ በስድስት ወር”ን አቀረበ። ደርግ አሰረው። ደርግ ወድቆ አዲስ መንግሥት ሲገባ “ሀሁ ወይም ፐፑ” ብሎ መጣ። እሱም ብዙ ሳይቆይ ከመድረክ ወረደ። እንግዲህ ስለ ማን ነው የጻፈው? ስለ ሁሉም ነው። ጸጋዬ መድረክን እንደ ሸንጎ ነበር የሚያየው።

በነገራችን ላይ መንግሥታት ቴአትርን የሚፈሩትን ያህል ይወዱታል። ደርግ ያገደውን ያህል አስጽፏል። ቀበሌው፣ ፋብሪካው፣ ክፍለ ጦሩ የኪነት ቡድን ነበረው። መፈክር በግጥም፣ ዘመቻ በድራማ። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ዛሬ የሚያስታውሰው የለም። የሚገርመው ግን ከእነዚያ የኪነት ቡድኖች የወጡት ድምፃውያንና ተዋንያን ናቸው ለቀጣዮቹ ሠላሳ ዓመታት ያስደሰቱን። መፈክሩ ረገፈ፤ ልጆቹ ቀሩ።

ዛሬስ? የድሮው ዓይነት የሳንሱር ቢሮ የለም። ነገር ግን ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች የመንግሥት ናቸው፤ ተዋናዩም ደመወዝተኛ ነው። ጽሑፍ በገምጋሚ ኮሚቴ ያልፋል። ደራሲው ገና ቤቱ ሆኖ “ይሄ አያልፍም” ብሎ ራሱ ይሰርዛል። ለእኔ ይሄኛው ከቀድሞው የከፋ ነው፤ የተቆረጠውን አናውቀውማ።

ለምን ሁሌ ቴዎድሮስ? ሌላ ንጉሥ የለንም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰዉ ይስቅበታል፣ ግን መልስ አለው።

ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት “ቴዎድሮስ” ብሎ ጻፈ። የ“ፋቡላ” ደራሲ ልጅ ነው። ጸጋዬም “ቴዎድሮስ” ብሎ ጻፈ። ጌትነት እንየው ደግሞ “የቴዎድሮስ ራዕይ”ን አመጣ። ሦስት ትውልድ፣ አንድ ንጉሥ።

አንደኛ፣ ታሪኩ ራሱ ተውኔት ሆኖ ነው የተገኘው። ሽፍታ ተነሣ፣ ነገሠ፣ ሀገር አንድ ላድርግ አለ፣ በግትርነቱ ወዳጅ አጣ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብሎ ሽጉጡን ጠጣ። ደራሲው መጨረሻውን መፈልሰፍ አይጠበቅበትም። ሁለተኛ፣ ሰውየው አይጨበጥም። ጀግና ነው ስትል እጅና እግር ያስቆረጠባቸው ሰዎች ይነሣሉ። ጨካኝ ነው ስትል መድፉን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት ተራራ ያስወጣበት ሕልም ይነሣል። አሳዛኝ ተውኔት የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ዋናው ነው። ስለ ዛሬው መሪ መናገር ሲያስቸግር ስለ ድሮው ይወራል። “አንድነት ወይስ ጭካኔ?” የሚለውን ጥያቄ በ1860 ልብስ አልብሰህ ብታቀርበው ማንም አይከስህም። ተመልካቹ ግን ቀን አይሳሳትም።

“ጴጥሮስ ያችን ሰዓት”ም የዚሁ ዘመድ ነው። ጸጋዬ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጣሊያኖች የተረሸኑትን አቡነ ጴጥሮስን ወስዶ የመጨረሻዋን ሰዓታቸውን ጻፈ። ጳጳሱ ይጠራጠራሉ፣ ይፈራሉ፣ ፈጣሪያቸውን ይጠይቃሉ። የሐውልት ጴጥሮስን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚንቀጠቀጠውን ሰው ያሳየን መድረክ ነው።

ኮሜዲስ? መሳቅ ለኅብረተሰብ ምን ይሠራል?

መንግሥቱ ለማን ካላነሣን ይሄ ጥያቄ አይመለስም። ለንደን የተማረ፣ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነው። አንድ እግሩ ቅኔ ቤት፣ አንድ እግሩ ዩኒቨርሲቲ። “ያላቻ ጋብቻ” ውስጥ ባሕሩ የሚባል ከትልቅ ቤት የተወለደ ፈረንጅ አገር የተማረ ወጣት አለ። ሀብቱን ትቶ ገጠር ገብቶ ያስተምራል። ጭራሽ የቤት ሠራተኛውን ላግባ ይላል። ዘመድ ሰማይ ተደፋብን ይላል! “ጠልፎ በኪሴ” ደግሞ ጠለፋን ከተሜ መሳቂያ ያደርገዋል።

ልብ በሉ፤ መንግሥቱ አይሰብክም። በባሕሩ ባላባት ዘመዶች ሲያሾፍ የተማረውንም ልጅ አይምረውም። ተመልካቹ በሌላ ሰው ሲስቅ ቆይቶ መሐል ላይ በራሱ ይስቃል። “ልጄ ሠራተኛ ቢያገባ ምን እል ነበር?” ብሎ ሳያስበው ያስባል። አንድ ሰው ቁጭ አድርጋችሁ “የዘር ትምክህት መጥፎ ነው” ብትሉት “ልክ ነህ” ብሎ ይሄዳል፤ ምንም አይለወጥም።

የዛሬ ኮሜዲያችን ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ጋ ነው። በአብዛኛው የሚሳቀው በገጠሬው አነጋገር፣ በሰካራሙና በወፍራሟ ሴት ነው። ከታች ባለው ላይ መሳቅ ቀላል ነው። መንግሥቱ የሳቀው ከላይ ባለው ላይ ነበር።

ሼክስፒርን በአማርኛ ማየት ምን ይጠቅመናል?

ጸጋዬ “ኦቴሎ”ን፣ “ሀምሌት”ን፣ “ማክቤዝ”ን ወደ አማርኛ መልሷል። ጥቅሙ በአጭሩ፦ አማርኛው ተፈተነ። ቋንቋችን የጦር አዛዥ ቅናትና የልዑል ጥርጣሬ መሸከም ይችል እንደሆነ ታየ። ቻለ። አማርኛውን ብቻ ያየ ሰው ሀምሌት ጎንደር ነገሥታት ቤት የተወለደ ቢመስለው አልፈርድበትም።

ቴአትር የሰውን ባህሪ ይለውጣል?

አንዳንዴ። ሁሌ የሚል ሰው ፕሮጀክት ሊያስጸድቅ ፈልጎ ነው።

በ1990ዎቹ ትምህርት ቤት የነበረ ሁሉ የጸረ ኤድስ ክበብን ያስታውሳል። ድራማው አንድ ዓይነት ነበር። ልጁ ይጠጣል፣ ቡና ቤት ይገባል፣ ይከሳል፣ ያስላል፣ ይሞታል። እናት ትጮሃለች። ከዚያ መድረክ መሪው ወጥቶ “ኤች አይ ቪ በምን በምን ይተላለፋል?” ብሎ ይጠይቃል። የመለሰ ቲሸርት ይሸለማል። ተማሪው መልሱን በቃሉ ያውቀዋል፤ የሚያስበው ቲሸርቱን ነው። አንድ ጉዳት ደግሞ አለው፦ ቫይረሱ በደሙ ያለን ሰው ሁሉ ከሲታና ጥፋተኛ አድርጎ አሳየን። መገለሉን ለማጥፋት ታስቦ መገለሉን ያባሰበት ቦታ አለ።

ከዚህ ጋር “የቀን ቅኝት”ን አነጻጽሩ። ከ1994 እስከ 1997 በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈ ተከታታይ ድራማ ነው፤ 257 ክፍል። ፍቅርተ የምትባል ገጸ ባሕርይ ነበረችው። አድማጩ ከእሷ ጋር ዓመት ሁለት ዓመት ኖረ። ስትሳሳት ተቆጣ፣ ስትጎዳ አዘነ፣ ስትበረታ ደስ አለው። ጣቢያው ድረስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ። ሰው ለልብ ወለድ ሴት ምክር ይልክ ነበር! ልዩነቱ ግልጽ ነው። የክበቡ ድራማ መልሱን ይዞ ይመጣል። ፍቅርተ ግን ጥያቄዋን ይዛ ቤታችሁ ትገባለች።

ከአዲስ አበባ ውጭ ቴአትር አለ?

አለ፣ ግን መልኩ ሌላ ነው። ጎንደር የፋሲለደስ፣ ወሎ የላሊበላ፣ ጎጃም የግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን ስም ነበራቸው፤ ከተውኔቱ ይልቅ በሙዚቃና በጭፈራ ነው የታወቁት። ጎረቤት አስመራም የራሷ የቆየ ታሪክ አላት። ማኅበር ቴያትር አስመራ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በትግርኛ ሲሠራ አዳራሽ ይሞላ ነበር። በአፋን ኦሮሞም የመድረክ ሥራ እየተጻፈና እየታየ ነው።

ሙሉ ጊዜውን ለቴአትር የሰጠ አዳራሽ በክልል ከተሞች ማግኘት ግን ይከብዳል። ለአብዛኛው የገጠርና የትንሽ ከተማ ልጅ የመጀመሪያው ቴአትር የትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ነው። የአማርኛ መምህሩ ደራሲም አዘጋጅም ይሆናል። መጋረጃው የአንዲት ተማሪ እናት አንሶላ ነው። ሽማግሌ የሚሆነው ልጅ በጥጥ ጢም ይሠራል፤ ጢሙ መሐል ላይ ይወድቃል። አብዛኞቹ ታዋቂ ተዋንያኖቻችን እንዴት ጀመርክ ሲባሉ የሚያወሩት ይህንን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤትም ሌላው በር ነው። የበዓል ሰሞን መንፈሳዊ ድራማ ላይ እረኛ ሆኖ ያልቆመ ልጅ ጥቂት ነው።

ውጭ ሀገር ያለው ሰውስ?

ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ዓለምፀሐይ ወዳጆ የመሠረተችው ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል አለ። ግጥም ይነበባል፣ ተውኔት ይታያል። ተዋናዩ ቀን ታክሲ ነድቶ ወይም ሆስፒታል ሠርቶ ማታ ልምምድ የሚመጣ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ የሚሄዱ ቡድኖችም ወደ አሜሪካና አውሮፓ ከተሞች ይዞራሉ። እዚያ ያለው ተመልካች የሚስቅበት ቦታ ይለያል ይላሉ ተዋንያን። እዚህ ማንም ልብ የማይላት የእናት ምርቃት እዚያ አዳራሹን ታስለቅሳለች።

ኢየሩሳሌም ውስጥ ሁለገብ የሚባል የቤተ እስራኤል ቴአትር ቡድንና በስሙ የሚጠራ ፌስቲቫል አለ። እዚያ የሚሠሩት ወጣቶች ዕብራይስጥ ተናጋሪ ናቸው። መድረክ ላይ ግን እስክስታው፣ የወላጆቻቸው ጉዞና አማርኛው አብሮ ይወጣል።

ተመልካቹ የት ሄደ? ፊልም ነው የወሰደው?

ከፊሉ አዎ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአማርኛ ፊልም ሲፈላ ተዋናዩም ተመልካቹም ወደ ሲኒማ ሄደ። ከዚያ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ መጣ፣ ከዚያ ዩቲዩብ። ተዋናዩን አልፈርድበትም። አንድ ማስታወቂያ ላይ መታየት የብዙ ወር ደመወዝ ሲያስገኝ ማን ሦስት ወር ልምምድ ያደርጋል?

ግን ሁሉንም በፊልም ማሳበብ ልክ አይመስለኝም። ችግሩ ሦስት ቦታ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱ ነው። “ዘወትር ሐሙስ በ11፡30” የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። በሥራ ቀን 11፡30 ብሔራዊ የሚደርስ የቢሮ ሠራተኛ አለቃው የፈቀደለት ብቻ ነው። ስታመሹ ደግሞ የታክሲው ነገር አለ። ሁለተኛው ድግግሞሹ ነው። አንድ ተውኔት ዓመት ሁለት ዓመት በአንድ ቀን ይታያል። ያየው አየው፤ ያላየው “ሌላ ጊዜ እገባለሁ” ይላል። ሦስተኛው ጽሑፉ ነው። አዲስ አበባ ባለፉት ዓመታት ምን ያህል ነገር እንዳየች እናውቃለን። ኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ ከሰፈር መነሣት፣ ዓረብ ሀገር የሄደች እህት፣ ጦርነት፣ የቤት ኪራይ። ይሄ ሁሉ ቤታችን ውስጥ እየተወራ መድረኩ ላይ ግን ባልና ሚስት ስለ ውሽማ ይጨቃጨቃሉ። ሰው ራሱን ሲያጣ ነው የቀረው።

ሲያገኘው ደግሞ ይመጣል። ስለ ሰፈሩ የሚያወራ ጥሩ ተውኔት ሲወጣ ወረፋው እስከ አስፋልቱ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አንድ ሰው ወጥቶ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ከዚያ በላይ ማስታወቂያ የለም።

ቴአትር መማር እፈልጋለሁ። የት ልሂድ?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል አለው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም ጸጋዬ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ መንግሥቱ ለማም አስተምሮበታል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርቱን ይሰጣሉ። በግል አጫጭር ሥልጠና የሚሰጡም አሉ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ማን እንደሚያስተምር ጠይቁ። “በሦስት ወር ተዋናይ እናደርጋለን” የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ልገባ ነው፤ ምን ልወቅ?

ትኬቱ የሚቆረጠው በር ላይ ነው። ታዋቂ ሥራ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ከመሐል ረድፍ ትንሽ ወደፊት ብትቀመጡ የተዋናዩን ፊት ታያላችሁ፤ ከኋላ ከሆናችሁ ሳል ነው የምትሰሙት። ስልክ ዝጉ፤ በመብራቱ ብቻ ጎረቤታችሁን ታናድዳላችሁ።

ዝም ብዬ መቀመጥ አለብኝ ወይ ለምትሉ፣ የለባችሁም። የእኛ አዳራሽ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ “እሰይ!” ይላል። ክፉው ገጸ ባሕርይ ሲገባ የምታጉረመርም እናት ካጠገባችሁ ብትቀመጥ ዕድለኛ ናችሁ። ነገር ግን የሚቀጥለውን ቃለ ተውኔት ቀድሞ የሚናገር ሰው ካለ ቦታ ቀይሩ።

ልጆች ካሏችሁ አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር ስላለ ከዚያ ጀምሩ። ታሪካዊ ተውኔት ለስድስት ዓመት ልጅ ረጅም ነው፤ ይተኛል። መጀመሪያ የሚስቅበትን አሳዩት። ሲወጣ ደግሞ “ምን ተማርክ?” ብላችሁ አትጠይቁት። “የትኛውን ሰውዬ ወደድከው?” በሉት፤ እስከ ቤት ድረስ ያወራላችኋል።